ምዕራፍ አራት፦ አጠገብ መቆየት

በ1990ዎቹ ከሽሮ ሜዳ ተነስተው የእንጦጦን ዳገት ከሚወጡት ሰዎች መካከል የመመለሻ ሳንቲም ያልያዙ ብዙ ነበሩ። ፍራሽ ጠቅልለው፣ ብርድ ልብስና ጀሪካን አንጠልጥለው፣ አንዳንዶቹም በዘመድ ትከሻ ላይ ተደግፈው ይወጡ ነበር። በአገራችን የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን የታወቁት በ1978 ዓ.ም ነው። ከዚያ በኋላ መድኃኒቱ ለድሃ እስኪደርስ ሃያ ዓመት ገደማ አለፈ። በእነዚያ ዓመታት ቫይረሱ እንዳለበት የታወቀ ሰው አከራዩ ዕቃውን ያወጣበታል፣ ጎረቤቱ ይሸሸዋል፣ የገዛ ቤተሰቡ የሚጠጣበትን ኩባያ ይለይበታል። የቀረው መንገድ ወደ ላይ የሚወስደው ብቻ ነበር፤ ወደ እንጦጦ ማርያም ጠበል።

ቦታው ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ከፍ ይላል። ከአጥንት የሚደርስ ብርድ አለው፤ ጠበሉን ደግሞ የሚጠመቁት በማለዳ ነው። ተጠማቂዎቹ በቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ በሚገኙ የጭቃ ቤቶች ክፍል እየተከራዩ፣ አቅም ያነሳቸውም በአንድ ክፍል ተደራርበው ይኖሩ ነበር። ሐኪም የለም፣ ነርስ የለም፣ ደመወዝ የሚከፈለው ተንከባካቢ የለም። ታዲያ ማን አስታመማቸው?

በአብዛኛው እርስ በርሳቸው ነው የተስታመሙት። ባለፈው ወር በሰው ድጋፍ የመጣው፣ ትንሽ ሲበረታ፣ ዛሬ ለመጣው ውኃ ይቀዳል። ከጠበሉ ወጥታ የምትንቀጠቀጠውን ሴት ሌላዋ ሴት ደረቅ ነጠላ ትደርብላታለች፤ ጀርባዋን በመዳፏ እያሸች ታሞቃታለች። ሽሮውን አንዷ ትሠራለች፤ መብላት ያቃተውን ሌላው ያጎርሰዋል። የሞተ እንደሆነም የሚያለቅስለትና የሚቀብረው እነዚያው አብረውት የታመሙት ነበሩ። በከተማው የሸሻቸው ዘመድ ማድረግ ያልቻለውን፣ ራሳቸውን ችለው መቆም የማይችሉ ሰዎች አደረጉት።

ይህን የምጽፈው ችግር ሰውን ደግ ያደርጋል ለማለት አይደለም። ችግር ብዙ ጊዜ ያጨክናል፤ ለራሱ የጨነቀው ሰው ለሌላው የሚተርፈው ያጣል። የእንጦጦዎቹን ተጠማቂዎች የለያቸው ሌላ ነገር ነው። አንደኛው የሌላኛውን ሳል እየሰማ ያድራል፤ ስለዚህ አላየሁም፣ አልሰማሁም ማለት አይችልም። ቀጠሮ ያለው፣ የሚቸኩል ሰው አልነበረም። ደግሞም ከልጅነታቸው ጀምሮ የታመመን መጠየቅ፣ ለቅሶ መድረስ፣ ቆርሶ ማካፈል በቤታቸው ሲደረግ አይተዋል፤ እጃቸው ምን ማድረግ እንዳለበት ያውቅ ነበር። ስለ ርኅራኄ ያነበብኩት ሁሉ፣ በዓይኔ ያየሁትም፣ መልሶ መላልሶ የሚያመጣኝ ወደነዚህ ነገሮች ነው፤ ወደ ቅርበት፣ ወደ ጊዜና ወደ ልማድ። የልብ መራራት ከእነዚህ ውጭ ሲሆን እንባ ሆኖ ይደርቃል።

በጥር 1997 ዓ.ም የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት ሲጀምር እንጦጦ ላይ አዲስ ፈተና መጣ። መድኃኒት መዋጥ በጠበሉ ላይ እምነት ማጣት የመሰላቸው ብዙ ነበሩ። የጀመሩትን ኪኒን የጣሉ፣ ከነጭራሹም ያልጀመሩ፣ በዚህም ሕይወታቸውን ያጡ ሰዎች አሉ። ከከተማ ሆኖ «ኋላ ቀርነት ነው» ብሎ መፍረድ ቀላል ነበር፤ የፈረዱም አልጠፉም። ሁሉም በሸሻቸው ጊዜ የተቀበላቸው ቦታ ግን ያ ጠበል ነው። ሐኪሙ ጠበሉን ከናቀባቸው፣ መጠጊያቸውን የናቀ ሆኖ ነው የሚታያቸው። በ1999 ዓ.ም ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ መድኃኒቱም ጠበሉም የእግዚአብሔር ስጦታ እንደሆኑ፣ አንዱን ለመያዝ ሌላውን መጣል እንደማያስፈልግ በይፋ ተናገሩ። ይህ ቃል ብዙዎችን ከሁለት አንዱን ከመምረጥ ጭንቀት አውጥቷቸዋል። በኋላም የአእምሮ ሕሙማንን በተመለከተ በዚሁ በእንጦጦ የሥነ አእምሮ ሐኪሞችና አጥማቂ ካህናት ተነጋግረው፣ ሕክምናውና ጠበሉ ጎን ለጎን የሚሄዱበት ሥራ ተሞክሯል። በሰንሰለት ታስሮ ለመጣ ወጣትና እንቅልፍ ካየች ስንት ጊዜ ለሆናት እናቱ፣ ካህኑና ሐኪሙ እርስ በርስ መከባበራቸው ትልቅ እፎይታ ነው። የሚረዳ ሰው የተረጂውን እምነትና ክብር ሳይነካ መግቢያ በር መፈለግ አለበት፤ በሩን ሰብሮ የገባ ሰው የያዘው መድኃኒት ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን የሚቀበለው አያገኝም።

ሐዘንና ርኅራኄ

እንግሊዛዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ፖል ጊልበርት ርኅራኄን በሁለት ነገር ይገልጸዋል። የመጀመሪያው የራስንም ሆነ የሌላውን ሥቃይ ማስተዋል ነው፤ ሁለተኛው ያን ሥቃይ ለማቃለል ቆርጦ መነሳት። ብዙዎቻችን በመጀመሪያው ላይ እንቆማለን። አዝነን፣ ከንፈር መጠን፣ «እኔን!» ብለን እናልፋለን። ይህ ደረቅነት አይደለም፤ በጣም የሚያዝኑ ሰዎችም እዚያው ይቆማሉ። እንዲያውም ከመጠን በላይ ማዘን ራሱ ሰውን ከቦታው እንዳይንቀሳቀስ ሊያደርገው ይችላል።

ይህን በሚገባ ያሳዩት ታንያ ዚንገርና ኦልጋ ክሊሜኪ የተባሉ ተመራማሪዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2014 ከባልደረቦቻቸው ጋር ባሳተሙት ጥናት፣ በሥቃይ ላይ ያሉ ሰዎችን የሚያሳዩ ቪዲዮዎችን ለተሳታፊዎች አሳዩ። ተሳታፊዎቹ በመጀመሪያ የሠለጠኑት የሚያዩትን ሰው ሕመም እንደ ራሳቸው ሕመም እንዲሰማቸው ነበር። ሥልጠናው ሠራ፤ ግን ክፉ ስሜት ጨመረባቸው፣ ሸክሙም ከበዳቸው። ቀጥለው ሌላ ሥልጠና ወሰዱ። አሁን ለሚያዩት ሰው መልካም መመኘትን ነው የተለማመዱት፤ መጀመሪያ የሚወዱትን ሰው በዓይነ ሕሊና አቅርበው ደኅንነትን ይመኙለታል፣ ከዚያ ምኞቱን ወደማያውቁት ሰው ያሰፉታል። ቪዲዮውን እንደገና ሲያዩ ክፉ ስሜቱ ቀንሶ፣ ፍቅርና መልካም ስሜት ጨምሮ ተገኘ። በአንጎላቸው ላይ የታየው እንቅስቃሴም ከመጀመሪያው የተለየ ነበር። የሰውን ሥቃይ ተሸክሞ መስመጥና ለሰው በጎ ተመኝቶ መነሳት በአንጎል ውስጥ እንኳን አንድ መንገድ አይከተሉም ማለት ነው።

እኛ ዘንድ ይህ ሥልጠና በየቤቱ አለ። በሽተኛ ሊጠይቅ የሚገባ ሰው ከደጃፉ ጀምሮ «እግዚአብሔር ይማርህ» ይላል፤ ሽማግሌ ከሆነ እጁን ዘርግቶ ይመርቃል። ምርቃቱን ከልቡ የሚያደርስ ሰው ሁለተኛውን መንገድ ይዟል። ግን ሌላም ልማድ አለን፤ ይህኛውን መተው ይኖርብናል። አልጋው ጫፍ ተቀምጦ «ምን አገኘሽ! እንዲህ ከስተሽ ትቅሪ!» እያለ የሚያለቅስ፣ በዚሁ በሽታ የሞተች የአክስቱን ልጅ ታሪክ የሚያወራ ጠያቂ አለ። ክፉ ሰው አይደለም፤ አዝኖ ነው። ነገር ግን ሐዘኑን አውጥቶ በበሽተኛዋ ላይ ጥሎ ነው የሚሄደው፤ እሷም እንግዳዋን ስታጽናና ትውላለች። ከመግባታችን በፊት ደጅ ላይ ለአፍታ ቆም ብሎ መተንፈስ፣ የገዛ ድንጋጤን አደብ ማስያዝ፣ ከዚያ በልብ ምርቃቱን ይዞ መግባት ይቻላል። ይህን ልምምድ ሆስፒታል ለሚመላለስ ሁሉ እመክራለሁ።

ችኮላ

እ.ኤ.አ. በ1973 ጆን ዳርሊና ዳንኤል ባትሰን የተባሉ አሜሪካውያን በፕሪንስተን የነገረ መለኮት ተማሪዎች ላይ ያደረጉት ጥናት አለ። 40 ተማሪዎች አንድ በአንድ ከአንዱ ሕንፃ ወደ ሌላው ሄደው አጭር ንግግር እንዲያደርጉ ተነገራቸው። ገሚሶቹ የሚናገሩት ስለ ደጉ ሳምራዊ ነበር። በመንገዳቸው ላይ አንድ ሰው በር ሥር ተኮራምቶ ያስላል፣ ያቃስታል፤ ተመራማሪዎቹ ያስቀመጡት ነው። ጊዜ እንዳላቸው ከተነገራቸው ተማሪዎች 63 በመቶው ቆመው ረዱት። በጣም ዘግይታችኋል፣ ፍጠኑ ከተባሉት ግን የረዱት 10 በመቶው ብቻ ናቸው። ስለ ደጉ ሳምራዊ ለመስበክ እየተጣደፈ የወደቀውን ሰው ተራምዶ ያለፈ ተማሪም ነበር። የንግግሩ ርዕስ ያመጣው ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም፤ የለያቸው ችኮላው ነው።

ይህን ጥናት ያነበበ ሰው ተማሪዎቹን ግብዝ ሊላቸው ይችላል። እኔ አልልም። የሚቸኩል ሰው ዓይኑ የሚያየው መድረሻውን ነው፤ መንገድ ዳር ያለው ነገር እንደ ጥላ ያልፈዋል። ስለዚህ ርኅራኄን መለማመድ የሚፈልግ ሰው ከትልቅ ልብ በፊት የሚያስፈልገው ሩብ ሰዓት ቀድሞ ከቤት መውጣት ነው።

ከእንጦጦ ቅዱስ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ወደ ታች የሚወርደውን መንገድ የሚያውቅ ሰው እንጨት ተሸካሚ ሴቶችን ያውቃል። ገና ሳይነጋ ወደ ጫካው ገብተው የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍና ቅጠል ይሰበስባሉ፤ ከ30 ኪሎ የሚበልጠውን እስር በጀርባቸው አዝለው ከተማ ያወርዱታል። ከእነርሱ መካከል እንጨቱን ትተው ማኅበር በማቋቋም በሽመና መተዳደር የጀመሩ አሉ፤ ያልተዉት ግን ዛሬም በመንገዱ ላይ ናቸው። እስሩ ወደ ጎን ረጅም ነው፤ ጎንበስ ብለው ሲራመዱ ከሩቅ የሚታየው ቅጠሉ እንጂ ሴትየዋ አይደለችም። መኪናው ጥሩንባ እየነፋ ያልፋል። በ2013 ዓ.ም የተከፈተውን የእንጦጦ ፓርክ ሊጎበኝ የወጣ ሰው ፎቶ ያነሳል።

ሴትየዋ ስትደክም እስሩን መንገድ ዳር ካለ የድንጋይ ካብ ላይ አስደግፋ ታርፋለች። ችግሩ ስትነሳ ነው። ገመዱ ደረቷን ወጥሮ ይዟታል፤ ካረፈች በኋላ ጉልበቷ ብቻውን ሸክሙን ከካቡ አያላቅቅም። «እስቲ አንዴ ቀና አድርጉኝ» ትላለች። ቀና ማድረግ ጥበብ አለው። ከኋላ ሆኖ እስሩን ከሥሩ በሁለት እጅ መደገፍ ነው፤ ከዚያ መጠበቅ። ቀድሞ ያነሳ ሰው በአፍጢሟ ይደፋታል። የዘገየም ሸክሙን መልሶ ይጥልባታል። እሷ እግሯን ታስተካክላለች፣ ትንፋሽ ትይዛለች፣ ወደ ፊት ዘንበል ትልና «አሁን» ትላለች። ያኔ ነው መግፋት። እንዴት እንደምትነሳ የምታውቀው እሷ ስለሆነች፣ ጉልበት ያለው ሰው የሚታዘዘው ሸክም ላለባት ነው። በዕርዳታ ድርጅቶች ውስጥ ለዓመታት የሠሩ ሰዎች እንኳን ይህን «አሁን» ሳይጠብቁ ብዙ ሰው ሲደፉ አይቻለሁ፤ በየቤታችንም ያልተጠየቅነውን ምክር ስናዘንብ የምናደርገው ይህንኑ ነው።

መስከረም 1 ቀን የቅዱስ ራጉኤል ዓመታዊ በዓል ነው። ዘመን መለወጫ በመሆኑ ሕዝቡ ነጭ ለብሶ ተራራውን ይሞላዋል፤ በመንገዱ ግራና ቀኝ ደግሞ ነዳያን ተሰልፈው ይቀመጣሉ። ብር ወደ ሳንቲም የሚመነዝሩ ልጆች አሉ። ምእመኑ እፍኝ ሳንቲም ይዞ ከሰልፉ መጀመሪያ እስከ መጨረሻው እያንዳንዱ ጨርቅ ላይ አንድ አንድ እየጣለ ያልፋል። ሳንቲሟን አልንቃትም፤ ተጠራቅማ ዳቦ ትገዛለች፤ ልማዱም ራሱ ድሃን ከዓይናችን እንዳናርቅ አድርጎናል። ነገር ግን አንድ ሰው ለመቶ ሰው መጽውቶ የአንዱንም ፊት ሳያይ ሊመለስ ይችላል። ከመቶው አንዱ ዘንድ ቁጭ ብሎ «እንደምን አደሩ እማማ፣ ከየት ነው የመጡት?» ብሎ መልሱን እስከ መጨረሻው መስማት ብዙ ጊዜ አይወስድም። እንዲህ ያደረገ ሰው በሚቀጥለው ዓመት ያችን ሴት ፈልጎ ያገኛታል። ማወቅ ከጀመረ በኋላ ደግሞ ፊቱን ማዞር አይቻለውም።

ኪዳነ ምሕረት በምትከበርበት የካቲት 16 ቀን የበላዔ ሰብእ ታሪክ በየአብያተ ክርስቲያናቱ ይተረካል። ሰባ ስምንት ነፍስ ያጠፋ ሰው፣ መንገድ ላይ ውኃ የጠማውን ነዳይ አገኘ። ነዳዩ በብዙ ስም ለመነው፤ በመጨረሻ በእመቤታችን ስም ሲለምነው ከያዘው ውኃ ጥርኝ የምትሞላ አጠጣው። በፍርድ ቀን ያች ጥርኝ ውኃ ከሰባ ስምንቱ ነፍስ መዘነች። አብዛኛው ሰው ይህን ሲሰማ የሚያስበው ስለ ምሕረቱ ብዛት ነው፤ ተገቢም ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን ያ ሰው መቆሙ ነው። እንደዚያ ያለ ልብ ያለው ሰው እንኳን ቆሞ ልመናውን እስከ መጨረሻው ሰማ።

ብዛቱ ሲያደነዝዝ

አንድ ሰው ቆሞ ማየት ሲጀምር ሌላ ችግር ይገጥመዋል፤ የሚያየው ሥቃይ ማለቂያ የለውም። እ.ኤ.አ. በ2007 በታተመ አንድ አሜሪካዊ ጥናት፣ ሰዎች ሮኪያ ለምትባል አንዲት ማሊያዊት ልጅ እንዲሰጡ ሲጠየቁ፣ ስለ ሚሊዮኖች ረሃብ ቁጥር ከተነገራቸው ይልቅ የበለጠ ሰጡ። የሚያስደነግጠው ቀጣዩ ነው። የሮኪያን ታሪክና ቁጥሩን አንድ ላይ ያገኙት ሰዎች ሮኪያን ብቻ ካዩት ያነሰ ሰጡ። ቁጥሩ ሲመጣ የእነርሱ ድርሻ ኢምንት መሰላቸው፤ እጃቸውም ላላ።

ብዛቱ ያላደነዘዛቸው ሰዎችም አሉ። ወይዘሮ አበበች ጎበና በ1972 ዓ.ም ግሸን ማርያምን ሊሳለሙ ወደ ወሎ ሲሄዱ ድርቅ አገሩን አድርቆት ነበር። መንገዱ በተራቡና በሞቱ ሰዎች የተሞላ ነው። የያዙትን ዳቦና ጠበል አከፋፈሉ። ከዚያ ወላጆቻቸውን ያጡ ሁለት ሕፃናት ይዘው ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ። ሁለት ብቻ። የተቀሩትን ሺዎች ማንሳት አልቻሉም፤ ስላልቻሉ ግን ሁለቱን አልተዉም። በዓመት ውስጥ ልጆቹ ሃያ አንድ ሆኑ። ባላቸውና ዘመድ አዝማድ አብደሻል አሏቸው፤ ልጆቹን ተይ ወይም ቤቱን ልቀቂ ተባሉ። ቤቱን ለቀው ልጆቹን ይዘው ወጡ፤ እንጀራ እየጋገሩ፣ ቆሎ እየቆሉ ሸጠው አሳደጓቸው። ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም ሲያርፉ በስማቸው የተቋቋመው ድርጅት በሺዎች የሚቆጠሩ ሕፃናትን ያሳደገና ያስተማረ ነበር።

ያ «አብደሻል» የሚለው ቃል ብዙ ጊዜ ያሳስበኛል። ሰው ሲራራ የሚቃወመው ጠላቱ ብቻ አይደለም፤ የሚወደውም ሰው «ለራስሽ አስቢ» ብሎ ይይዘዋል። ባላቸው ክፉ ነበሩ ለማለት አልችልም፤ የቤት ራስ የሆነ ሰው ነገ ምን እንደሚበላ መጨነቁ ያለ ነው። ስለዚህ ርኅራኄ በአንድ ሰው ጫንቃ ላይ ብቻ ሲወድቅ ቤት ያናጋል። ሥርዓት ሲኖረው፣ ብዙ ሰው ሲካፈለው ግን ይዘልቃል። ቢኒያም በለጠ በ2002 ዓ.ም በቤተሰቡ ቤት የጀመረው መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል ዛሬ ይህን ያህል የቆመው በዚህ ምክንያት ነው። «ሰውን ለመርዳት ሰው መሆን በቂ ነው» የሚለውን መሪ ቃሉን የማያውቅ የአዲስ አበባ ነዋሪ ጥቂት ነው። ከመንገድ የተነሳን አዛውንት የሚያጥብ፣ ጥፍር የሚቆርጥ፣ ዳይፐር የሚቀይር፣ ወጥ ቤት ሽንኩርት የሚልጥ በጎ ፈቃደኛ አለ፤ መሄድ ያልቻለ በ8161 መልእክት ልኮ የአቅሙን ያዋጣል። ሁሉም ጀግና መሆን አይጠበቅበትም፤ የራሱን ተራ ማወቅ ይበቃዋል።

በዕድርም ያየነው ይኸው ነው። ዕድር የተመሠረተው ለቀብር ነበር። ኤድስ ጎልማሳውን እየጨረሰ፣ ወላጅ አልባ ሕፃናት በየቤቱ ሲቀሩ፣ በአዲስ አበባ የነበሩ ብዙ ዕድሮች ተሰብስበው መከሩ፤ ሰው ሲሞት ድንኳን ከምንተክልለት በሕይወት ሳለ ለምን አንደግፈውም አሉ፣ ደንባቸውንም ቀየሩ። አባሉ ወርሃዊ መዋጮውን ሲከፍል በዚያ ቀን ልቡ ይራራ አይራራ ማንም አይጠይቀውም። የታመመው ጎረቤት ግን ገንዘቡን ያገኛል። ስሜታችን በደከመበት ቀን የሚሠራልን ሥርዓት መሥራት ከሁሉ የላቀ ርኅራኄ ይመስለኛል።

አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ግን ሕሊናዬ አይፈቅድልኝም። በቅርብ ዓመታት በዩቲዩብና በቲክቶክ የሚሰራጩ የዕርዳታ ቪዲዮዎች ብዙ ገንዘብ አሰባስበዋል፤ ሕይወታቸው የተረፈ ሰዎችም አሉ። ይሁን እንጂ የተቸገረች እናት ማይክሮፎን አፏ ላይ ተደቅኖባት፣ ልጆቿ ከኋላዋ ቆመው፣ ባሏ እንዴት እንደከዳት፣ የት የት እንደለመነች እያለቀሰች እንድትናገር ስትገፋፋ ማየት ያማል። እምቢ ብትል የሚሰጣትን ታጣለች። ልጇ ነገ ትምህርት ቤት ሲሄድ ቪዲዮውን ያላየ የክፍሉ ልጅ የለም። እኛስ ከሶፋችን ላይ ሆነን አልቅሰን፣ አጋርተን፣ ወደሚቀጥለው ቪዲዮ አልፈናል። የእንጦጦ ተጠማቂ ለባልንጀራው ነጠላ ሲያለብስ የሚቀርጸው አልነበረም። መርዳት የምትፈልጉትን ሰው ፊት ሳታሳዩ ገንዘብ ማሰባሰብ ይቻላል፤ ፈቃድ መጠየቅ ከተገባም ገንዘቡ በእጁ ከገባ በኋላ፣ እምቢ ማለት ምንም በማያሳጣው ሰዓት ይሁን።

የአስታማሚዋ ተራ

በሆስፒታሎቻችን ኮሪደር ላይ ሌሊት የሚተኛው አስታማሚ ነው፤ ከአልጋው ሥር ካርቶን አንጥፎ፣ ጋቢ ተከናንቦ። ብዙውን ጊዜ አስታማሚዋ ሴት ናት፤ ሴት ልጅ፣ ምራት፣ እህት፣ ሚስት። ወንድሞች ገንዘብ ይልካሉ፣ በስልክ ይጠይቃሉ፣ እሁድ ብርቱካን ይዘው ይመጣሉ። እሷ ሥራዋን አቁማለች። እናቷን ታገላብጣለች፣ ታጥባለች፣ ሽንት ታስወግዳለች፤ ሌሊት አራት ጊዜ ትነሳለች። ሰው ሁሉ «አንቺማ ጽድቅ እየሠራሽ ነው» ይላታል። ቃሉ ጥሩ ነው፤ ግን ብዙ ጊዜ ሥራውን ለእሷ ብቻ ለመተው የሚያገለግል ማመካኛ ይሆናል። ስትደክምና ስትነጫነጭ ራሷን ትጠላለች፤ በእናቷ ላይ ድምፅዋን ከፍ ባደረገችበት ቀን ሌሊቱን ስታለቅስ ታድራለች።

ለእሷ የምለው ነገር አለ። መሰላቸት የፍቅር ማለቅ ምልክት አይደለም፤ ሰውነት እንቅልፍ ሲያጣ የሚናገረው እንዲህ ነው። አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ምሁር ክሪስቲን ኔፍ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ባካሄደቻቸው ጥናቶች፣ ሰው ለወዳጁ የሚያሳየውን ርኅራኄ ለራሱም ማሳየት እንደሚችል፣ እንዲህ የሚያደርጉ ሰዎችም ራሳቸውን ከሚያማርሩት ይልቅ ጭንቀታቸው የቀለለ እንደሆነ አሳይታለች። በተግባር ቀላል ነው። ጎረቤትሽ ይህንኑ ብትነግርሽ ምን ትያት ነበር? «አይዞሽ፣ ሰው ነሽ፣ እስቲ ትንሽ ጋደም በይ» ትያት የለ? ያንኑ ለራስሽ በይ፤ ከዚያም ጋደም በይ።

ለወንድሞቿና ለጎረቤቶቿ የምለው ደግሞ ሌላ ነው። «የምትፈልጊው ነገር ካለ ደውዪልኝ» አትበሏት። የደከመ ሰው ደውሎ አይለምንም፤ ምን እንደሚያስፈልጋት ማሰቡ ራሱ አንድ ተጨማሪ ሥራ ይሆንባታል። «ማክሰኞና ዓርብ ከሰባት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ እኔ ከእናታችን ጋር እቀመጣለሁ፤ አንቺ ውጪ» በሏት። መጀመሪያ ላይ እምቢ ትላለች፤ አልቻለችም እንዳትባል ፈርታ ሳይሆን፣ እናቷን ለሌላ እጅ መስጠት ስለሚከብዳት ነው። የመጀመሪያውን ቀን አብራችኋት ዋሉ። መድኃኒቱ በስንት ሰዓት እንደሚሰጥ ጠይቁና ወረቀት ላይ ጻፉት፤ እናትየው በየትኛው ጎን ስትተኛ እንደማያማት፣ ውኃ በኩባያ ትጠጣ ወይስ በማንኪያ፣ ፔርሙዙ የት እንደሚቀመጥ እወቁ። በሁለተኛው ቀን ትወጣለች። የት ሄድሽ ብላችሁ አትጠይቋት፤ ቤተ ክርስቲያን ትሂድ፣ ፀጉሯን ትሠራ፣ ጓደኛዋ ቤት ሄዳ ትተኛ፣ የራሷ ጉዳይ ነው።

ጠያቂ በመጀመሪያው ሳምንት ቤቱን ይሞላዋል፤ ወንበር እስኪጠፋ። በሦስተኛው ወር ስልኩም ይቀንሳል። ስለዚህ ቀን ስትመርጡ የመጀመሪያውን ሳምንት ለሌላው ተዉትና ከሁለተኛው ወር በኋላ ያሉትን ማክሰኞዎች ያዙ።